ያልቀመሰችው ወጥ

ድስቷና ልጁ ቤታችን የገቡት በአንድ ቀን ነው። ድስቷ ሰማያዊ፣ ባለ ክዳን፣ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ነበረች። ልጁ ደግሞ የስድስት ዓመት፣ ቀጭን፣ ጭንቅላቱን የተላጨ፣ በእጁ ፌስታል አጥብቆ የያዘ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ድስቷ ነበረች የበለጠ የማረከችኝ።

እናቴ ዐፊፋ ድስቷን ከኛ ድስቶች ለየቻትና ከመስኮቱ በላይ ለብቻዋ ጣውላ መትታ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ሲሀም፣ ይቺን ድስት እንዳትነኪ። ማማሰያዋንም ጭምር። የወልዴ ናት።»

ልጁ ወልደገብርኤል ይባላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሁላችንም ወልዴ ሆነ።

እማዬ እስከዚያ ዓመት ድረስ ፒያሳ አንድ ላውንደሪ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ልብስ ተረካቢ ነበረች። ያመጣውን ሰው ፊቷ አቁማ ኮቱን ታገላብጣለች፤ «እዚህ ጋ የሲጋራ ቃጠሎ አለ፣ ሦስተኛው ቁልፍ ላልቷል» እያለች ትጽፋለች፤ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ታያይዝበታለች። ሲመለስም ያንኑ እያነበበች ታስረክባለች። አንድ ጊዜ ካውያ የአንድ ሰውዬ ሱሪ ላይ ቢጫ ምልክት ጥሎ፣ አሠሪዋ «አጥፈሽ ስጪው፣ አያየውም» ቢላት፣ ሰውየው ሲመጣ መጀመሪያ ያሳየችው ምልክቱን ነው። ይህን ታሪክ አባቴ በኩራትም በንዴትም ይደጋግመው ነበር።

ከደንበኞቿ አንዷ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ነበረች። ወላጆቻቸው ለጊዜው ሊያሳድጓቸው ላልቻሉ ልጆች ማደሪያ ቤት የሚፈልግ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። የአደራ ቤተሰብ ይባላል። ጉዲፈቻ አይደለም፤ ልጁ ያንተ አይሆንም። እናቱ ወይም አባቱ በእግራቸው እስኪቆሙ ታቆያለህ፣ ከዚያ ትመልሳለህ። ሙሉእመቤት ስንት ዓመት ኮቷን ስትሰጥና ስትቀበል እናቴን ስታያት ኖራ አንድ ቀን ጠየቀቻት። እማዬ ሁለት ወር አሰበችበት። ከዚያ ላውንደሪውን ለቀቀች፤ በአርባ ዓመቷ ደብተር ይዛ ሥልጠና ገባች።

አፍንጮ በር ያለው ግቢያችን ለሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም። አባቴ ሙደሲር ሰዓት አዳሽ ነው፤ ዓይኑ ላይ ማጉያውን እንደሰካ «ሴትዮ፣ ደግሞ የቤት ሥራ ሰጡሽ?» እያለ ይቀልድባታል። ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ ዘነቡ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ቆመው፦

«አይ ዐፊፋ! ከልብስ ወደ ልጅ ዞርሽ? ልጅ እንደሁ ቢተኮስም አይቃና!» አሉ።

እማዬ ሳቀች። ወልዴ በመጣበት ዕለት ግን ያደረገችው እኔን አላሳቀኝም። ልጁን መሃል ቤት አቆመችው። ሙሉእመቤት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እማዬ የፌስታሉን ዕቃ አንድ በአንድ እያወጣች ጻፈች፤ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ሱሪ፣ ጫማ፣ ግራው የተቀደደ። ከዚያ ልጁን። ክንዱ ላይ የቆየ ጠባሳ። አንገቱ ላይ ጥቁር የክርስቲያን ማተብ። ወልዴ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«እንዳለ ነው የማስረክበው» አለች እማዬ ለሙሉእመቤት። «እናቱ ስትመጣ አንድ ነገር ጎድሎበት አታገኘውም።»

የቀረው ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ አንገቱ ላይ መስካት ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ።

እናቱ ተናኘወርቅ መድኃኒት የማይበግረው የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሆስፒታል ተኝታለች። እኔ ይህን የማውቀው በትልልቆቹ ሹክሹክታ ነበር። «ዓመት ይፈጃል»፣ «ከተረፈች ነው»፣ «ሌላ ሰው የላትም»። ከዚህ ሁሉ ለኔ የደረሰኝ አንድ ነገር ነው፦ ሴትየዋ አትመጣም። ስለዚህ ወልዴ የኛ ነው። ይህ ያልገባት እናቴ ብቻ መሰለችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት እኔ ስጠራት ሰምቶ እሱም «እማዬ» አላት። ሥራዋን ትታ ፊቱ ቁጢጥ አለች።

«እኔ አክስትህ ነኝ። እማዬ ሆስፒታል ናት። ሲሻላት ትመጣለች፤ ያኔ እማዬ የምትላት እሷን ነው።»

ወልዴ ጫማውን አየ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እናቴን ጠላኋት።

ሽሮና ምስር ሲሆን አራታችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ሥጋ የተሠራ ቀን ግን እማዬ ሁለት ከሰል ታቀጣጥላለች፤ በአንዱ የኛ ድስት፣ በሌላው ሰማያዊዋ። የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ እንደሚለይ አላውቅም ነበር አልልም፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። እትዬ ዘነቡ ቤት ሠርግ ሲኖር ለኛ ለብቻ ይሠራል፤ እኛም ስንደግስ ለሳቸው ለብቻ እንሠራለን። ግን ያ የእንግዳ ነገር ነው። እኛ ቤት የሚተኛ፣ ከኔ ጋር አንድ ብርድ ልብስ የሚጓተት ልጅ እንዴት እንግዳ ይሆናል? ቤተሰብ ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ ማለት ነበር ለኔ። እናቴ ድስቱን የለየችው ልጁን ከኛ ልትለየው መሰለኝ።

የኛን ወጥ በማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ጨው ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች፣ ደግማ ትቀምሳለች። የሱን አትቀምስም። በዓይኗ ብቻ ገምታ ጨው ትነሰንስና ታወርደዋለች። ወልዴ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስኪውጥ ፊቱ ቁጢጥ ብላ ትጠብቃለች።

«ጨዉ ልክ ነው?»

«ልክ ነው፣ አክስቴ።»

ሁልጊዜ ልክ ነው። ከበላ በኋላ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ያከታትላል። ውኃ የሚወድ ልጅ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሥጋውን የምትገዛው ከጊዮርጊስ በታች ካለ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ነበር። ሻጩ መጀመሪያ ቀን ሻሿን አይቶ «እናቴ፣ ተሳስተው እንዳይሆን» እንዳላት ለአባቴ ስትነግር ሰምቻለሁ። የኛ ሰዎችም አይተዋታል። አንድ ቀን ኡሙሰልማ የምትባል ዘመዳችን ቤታችን ተቀምጣ «ዐፊፋ፣ ሰው ምን ይላል? እዚያ ደጃፍ ቆመሽ አዩሽ እኮ» ስትላት እማዬ ሻይ መቅዳቷን አላቋረጠችም። «ያዩት እውነት ነው» ብቻ አለች። እሑድ እሑድ ደግሞ ወልዴን አጥባ፣ ነጭ አልብሳ፣ እስከ ጊዮርጊስ በር ትወስደውና ለእትዬ ዘነቡ ታስረክበዋለች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ትቆማለች። አብሬያት ሄጄ አውቃለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው ዞር ብሎ ሲያያት የማፍረው እኔ ነበርኩ። በልጁ አፍራ ለሌላ ሰው የሰጠችው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን በሁለት ወገን እየታማች፣ በዝናብም በፀሐይም ሁለት ሰዓት የምትቆም ሴት አፍራ ሊሆን አይችልም።

በዚያ ዓመት አረፋ በነቢያት ጾም መሃል ዋለ። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ከተዘጉ ሳምንታት አልፈዋል፤ ሰማያዊዋ ድስት ጣውላዋ ላይ አቧራ ጠጥታለች። ጠዋት ከሶላት ስንመለስ አባቴ በጉን አረደ። ግቢው መዓዛ በመዓዛ ሆነ፤ ጉበት ሲጠበስ፣ ቅርንፉድና ኮረሪማ ሲፈላ። ዘመድ ገባ፣ ዘመድ ወጣ። ወልዴ ደጃፉ ላይ ድንች በሩዝ የያዘ ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አዲስ ሸሚዝ ገዝተንለታል። ድንቹን በማንኪያ እያደቀቀ እኛን ያየናል።

ከትሪው ላይ ጥሩውን፣ አጥንት የሌለበትን ቁራጭ መረጥኩ። በመዳፌ ሸፍኜ ወልዴን ከጓሮ፣ ከውኃው በርሜል ኋላ ወሰድኩት።

«ብላ» አልኩት።

«የእናንተ ነው።»

«ከበላኸው ያንተም ይሆናል። ከዚያ እኛ ቤት ትቀራለህ። እማዬንም እማዬ ትላታለህ።»

ማተቡን በሁለት ጣቱ ያዘ። «እማዬስ? የኔዋ?»

እስከ ዛሬ የምጸጸትበትን ነገር የተናገርኩት ያኔ ነው።

«እናትህ አትመጣም። የምትመጣ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ትመጣ ነበር።»

በላው። ረጅም ጊዜ አኘከው። አገጩ ላይ የቀረውን ቅባት በአዲሱ ቀሚሴ እጅጌ ጠረግሁለት። ያን ቀን ከኔ የበለጠ ደስ ያለው ሰው አፍንጮ በር አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት እማዬ ፀጉሬን እያበጠረች ሳለ ወልዴ መጥቶ ፊታችን ቆመ። ሳያንቀላፋ ያደረ ልጅ ፊት ነበር።

«አክስቴ፣ የእስላም ሥጋ በላሁ። አሁን እማዬ ብትመጣም አትወስደኝም፣ አይደል?»

ማበጠሪያው ፀጉሬ ላይ ቆመ። «ማን ሰጠህ?»

መሬት መሬቱን አየ። ደጋግማ ጠየቀችው። ስሜን ላለመጥራት ከንፈሩን እንደነከሰ ሳይ «እኔ ነኝ» አልኩ።

አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ያ አላህ! ምን አደረግሽኝ» አለች ቀስ ብላ። ወልዴን ወደራሷ ሳብ አድርጋ «ትወስድሃለች። ማንም እናት በዚህ ልጅዋን አትተውም» አለችው። ድምፅዋ ግን እርግጠኛ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሙሉእመቤት ተጠርታ መጣች። እማዬ ሁሉንም ነገረቻት። ሙሉእመቤት ፊቷን በእጇ አሸት አሸት አደረገች።

«ወይዘሮ ዐፊፋ፣ ልጆች ናቸው፤ ሆነ። እናትየዋ ታማ የተኛች ሰው ናት። ብትሰማው ምን ይጠቅማታል? ከተቆጣች ልጁን ወደ ሌላ ቤት አዙሩልኝ ልትል ትችላለች፤ እኛም እምቢ አንላትም። እርስዎም ከዚህ በኋላ ሌላ ልጅ ላያገኙ ይችላሉ።»

«ይገባኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ያበላሸሁትን ለባለቤቱ ማሳየት አለብኝ።»

አባቴ ማጉያውን ከዓይኑ አነሣ። «አሥራ አራት ዓመት የሠራሽበትን ትተሽ የገባሽበት ሥራ ነው፣ ዐፊፋ። በአንድ ቁራጭ ሥጋ ልታጪው?»

«ብሸሽግ ነው የማጣው» አለችው።

ሆስፒታል ስትሄድ እኔን ይዛኝ ሄደች። ወልዴ ቀረ። የሳንባ ሕሙማኑ ለብቻቸው ከኋላ ባለ ሕንፃ ነበሩ፤ ጠያቂ የሚቆመው ከአጥር ወዲህ፣ እነሱ ፀሐይ የሚሞቁት ከሣሩ ማዶ። ተናኘወርቅ አፏን ሸፍና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጨርቁ በላይ የሚታየው ዓይኗ የወልዴ ዓይን ነበር። አትመጣም ብዬ የደመደምኳት ሴት በሕይወት ተቀምጣ ሳያት ከእማዬ ጀርባ ተሸሸግሁ።

ርቀቱ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር አያስነግርም። እማዬ የአጥሩን ሽቦ ይዛ ጮኸች።

«ተናኘወርቅ! እኔ ዐፊፋ ነኝ! ወልዴ እኔ ዘንድ ነው ያለው! ደኅና ነው! ... እህቴ፣ የኛን ሥጋ በላ! በጾም! ልጄ ናት የሰጠችው! መጠበቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አልጠበቅሁም! ይቅር በይኝ!»

ሕሙማኑ ሁሉ ዞሩ። ከኋላችን የነበረ አንድ ጠያቂ «በዚህ ነው የምትጮኸው?» ብሎ ሳቀ። እናቴ አልዞረችም። ተናኘወርቅ ከወንበሩ ተነሣች፤ መደገፊያውን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ውስጥ ገባች።

በታክሲ ስንመለስ እማዬ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ወደኔ ዞረች።

«ሲሀም፣ አንቺ ብትጠፊብኝና ያገኘችሽ ሴት ወድዳሽ ሌላ ሰው ብታደርግሽ፣ እኔ መጥቼ ማንን ነው የማገኘው?» አለችኝ።

አልገባኝም። ወድዳኝ ከሆነ ምን ችግር አለ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። እማዬ የወልዴን ልብሶች አጥባ ተኩሳ በፌስታሉ አጠገብ ደረደረቻቸው፤ ሊወስዱት ቢመጡ እንዳትዋከብ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር እጇ ያለውን ነገር ታስቀምጣለች። ወልዴ አጠገቧን አይለቅም፤ ስትቆም ይቆማል፣ ስትቀመጥ ይቀመጣል። እኔን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ያም ከሁሉ በላይ ከበደኝ።

በአሥረኛው ቀን ሙሉእመቤት ነርስ የጻፈችው ወረቀት ይዛ መጣች። እኔ ፊት አነበበችው።

«ልጄ እዚያው ይሁን። ያን ቀን መልስ ሳልሰጥ የገባሁት ስለተናደድኩ ነው፤ አሁንም ልቤ አልቀዘቀዘም። ነገር ግን ይህን የነገሩኝ ሴትዮ ሌላ የሚሸሽጉኝ ነገር የለም። ጊዮርጊስ ወስደው ጸበል ያስረጩልኝ። እሳቸው ራሳቸው ይውሰዱት።»

እማዬ ወረቀቱን ተቀብላ በደብተሯ ውስጥ አስገባችው። በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ዘነቡ ቄሱን እስከ በሩ ይዘው መጡ። እማዬ ወልዴን በሁለት ትከሻው ይዛ አጥሩ ሥር ቆመች። ቄሱ አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጁን አዩና ጸለዩ፤ ጸበሉን ረጩት። ከጸበሉ የእናቴ ሻሽ ላይም አረፈ። ቤት እስክንደርስ አልጠረገችውም።

ተናኘወርቅ ድና የመጣችው በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ፊቷ ሞልቷል፤ ነጠላዋን አጣፍታ በራችን ላይ ቆመች። «ወልዴ» አለች። ልጁ መጀመሪያ ያየው የእናቴን ፊት ነው።

«ሂድ፣ እማዬ መጣች» አለችው። ሮጠ።

እናቴ ደብተሯን አውጥታ እየቆጠረች አስረከበች። ሁለት ሹራብ፣ ቢያጥሩትም ተተኩሰዋል። ግራ ጫማው ተሰፍቷል፤ ከእንግዲህ እግሩ ባይገባበትም። ጠባሳው ያው፣ ማተቡ ያው። በመጨረሻ ሰማያዊዋን ድስት ከጣውላዋ አውርዳ ሰጠቻት። ተናኘወርቅ ጎንበስ ብላ እግሯን ልትስም ስትል እናቴ ቀድማ ይዛ አነሣቻት። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ቆዩ። እኔ ግን የማየው አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ አላለቀሰችም። ድንጋይ ናት አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በቤት ውስጥ ያለውን አንሶላ ሁሉ፣ የታጠበውንም ያልታጠበውንም አወጣችና መተኮስ ጀመረች። ላውንደሪው የናፈቃት መስሎኝ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ አንዱን ጨርሳ አንዱን ትጀምራለች። አንሶላው ላይ እዚህም እዚያም እርጥብ ነጠብጣብ ነበረ፤ ካውያው ሲያልፍበት ቸስ ይላል። ውኃ የምትረጭበት ጣሳ ግን አጠገቧ እንዳልነበረ ያስታወስኩት ስንት ዓመት ቆይቼ ነው።

ከወልዴ በኋላ አሥራ አንድ ልጆች በእጇ አልፈዋል። ያ ግቢ ዛሬ የለም፤ እኛም ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ደብተሮቿ ግን አሉ።

ባለፈው ወር ወልዴ ደውሎ ምሳ ጠራን። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሥራ ይዞ ከእናቱ ጋር ቤት ተከራይቷል። ስንገባ ሽንኩርቱን የሚያቁላላው ራሱ ነው። ማብሰያ ቤቱ ውስጥ፣ ከሌሎቹ ዕቃዎች ተለይታ፣ ለብቻዋ የተመታች ጣውላ አየሁ። ባዶ ነበረች።

«እዚህ የሚቀመጠው ምንድን ነው?» አልኩት።

«አሁን የተጣደችው አዲሷ ድስት። የአክስቴ ናት፤ እማዬም አትነካትም።» ሳቀ። «ሥጋውን ከእስላም ሥጋ ቤት ነው የገዛሁት። ሻጩ ማተቤን አይቶ 'ወንድሜ፣ ተሳስተህ እንዳይሆን' አለኝ።»

ተናኘወርቅ እጃችንን አስታጠበችን። ወልዴ ድስቷን አምጥቶ ለእናቴና ለኔ አወጣልን። ከዚያ ያን ረጅም ሰውነቱን አጥፎ እናቴ ፊት ቁጢጥ አለ።

እኔ ቀድሜ ጎርሼ ነበር። ጨው ነው። ምላሴን አቃጠለኝ፤ በዓይን ብቻ የተገመተ፣ ማንም ያልቀመሰው ወጥ። ያኔ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ወልዴ ለምን ያን ያህል ውኃ ይጠጣ እንደነበር ገባኝ።

«ጨዉ ልክ ነው?» አላት።

እናቴ ጉርሻዋን ውጣ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ልክ ነው፣ ልጄ» አለችው። እስከ መጨረሻው በላች። ከዚያ ውኃ ጠየቀችና ሁለት ብርጭቆ አከታትላ ጠጣች።